ስለ ክሮም ክፍተት የጠየቃችሁኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። «ሀከሮች እየተጠቀሙበት ያለ የክሮም ክፍተት ተገኘ» በተባለ ቁጥር ሱቄ በጥያቄ ይሞላል። ክሮም ድረ ገጽ የምንከፍትበት ብሮውዘር ነው፤ ክፍተት ማለት ደግሞ ሀከር ሊገባበት የሚችል የፕሮግራም ስህተት ነው። ዜናው ላይ «የሜሞሪ ችግር» የሚል ቃልም አይጠፋም። የሰፈሩን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

የሜሞሪ ችግር ሲባል ራሜ ተበላሸ ማለት ነው?

ኧረ አይደለም። ፕሮግራሙ ለሚቀበለው ዳታ ሜሞሪ ላይ ቦታ ይመድባል። መጠኑን ሳያጣራ ከቦታው በላይ ከጻፈ፣ ትርፉ አጠገቡ ያለውን ይደመስሳል። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ክራሽ አድርጎ ይዘጋል፣ አለቀ። ሀከሩ ግን ትርፉን አስልቶ ያዘጋጅና የራሱን ኮድ ያስነሳበታል።

እኔ ምንም ዳውንሎድ አላደርግም። ምን አገባኝ?

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነውን ላንሳ። ዌብፒ የሚባሉትን ምስሎች የሚከፍተው ሊብዌብፒ የተባለ ኮድ ላይ ይኸው ዓይነት ስህተት ተገኘ። ለጉግል የጠቆሙት የአፕል የደህንነት ቡድንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ ናቸው። ተንኮል ያለበት ምስል የተቀመጠበትን ገጽ መክፈት ብቻ ለአደጋ ያጋልጥ ነበር። የክሮም ማስተካከያ የወጣው ጳጉሜ 6፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ዶሮ ተራ ቆሞ አፕዴት የሚያስታውስ ማን አለ! ፋየርፎክስና ኤጅ የተባሉት ብሮውዘሮችም ያንኑ ኮድ ስለሚጠቀሙ የየራሳቸውን አፕዴት አወጡ። ስለዚህ ክሮምን ብቻ አድሶ መተኛት አይሆንም።

አፕዴት ዳታ ይበላል። የጽሕፈት ቤቴ ኮምፒውተሮች ላይ አጥፍቼዋለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎ ጋ የስንቱ ሰው መታወቂያና ፓስፖርት ስካን ይደረጋል። ደንበኛው ኢሜይሉንም ቴሌግራሙንም እዚያው ይከፍታል። የዊንዶውስ ትልልቁ አፕዴት ርካሽ ፓኬጅ እስኪገዙ ትንሽ ይቆይ ቢባል እንኳ፣ የብሮውዘሩ አፕዴት ግን ማደር የለበትም። ከላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ፣ «ሄልፕ»፣ ቀጥሎ «አባውት ጉግል ክሮም»። ራሱ ፈልጎ ያወርዳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ወረደ ማለት ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። «ሪላውንች» እስኪጫኑ ድረስ እየሠራ ያለው አሮጌው ነው። ላፕቶፑን ክዳኑን ብቻ እየከደነ ሳምንት የሚከርም ሰው ሞልቷል። ታቦቹ ይመለሳሉ፣ አይስጉ። ኢንኮግኒቶ (ታሪክ በማያስቀምጠው መስኮት) የተከፈተው ግን አይመለስም፤ ደንበኛ ፎርም እየሞላ ከሆነ ይጨርስ።

ዊንዶውስ 7 ላይ አዲስ ነገር አይመጣልኝም።

አይመጣማ። ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ክሮም 109 ነው። ማሽኑ አዲስ ዊንዶውስ ካልቻለ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን አስጭንበት። እስከዚያው ባንክ የሚባል ነገር እንዳትከፍትበት።

አንቲቫይረስ አይበቃም?

አይበቃም። ይረዳል እንጂ ክፍተቱን አይደፍነውም።

«የክሮም አፕዴት» የሚል ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም ላኩልኝ። ልጫነው?

እንዳትነኪው እቱ! የስልኩ ክሮም የሚታደሰው ከፕሌይ ስቶር ነው። ከጫንሽውም ዳታና ዋይፋዩን አጥፊና አፑን አውጪው። ከዚያ በሌላ ስልክ ባንክሽ ጋ ደውለሽ ሞባይል ባንኪንጉን አዘጊ፣ ፓስወርዶችሽንም በዚያው በሌላው ስልክ ቀይሪ። ስልኩን አምጪው፣ ሙሉ በሙሉ ሪሴት እናደርገዋለን።