ስንኙን የራሳችሁ ስታደርጉ

ውድ ወጣቶች፣

ግጥም የምትወዱ፣ ጆሯችሁ ላይ ማዳመጫ ሰክታችሁ የምትውሉ ልጆች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ይህ ዘፈን ምን ማለት ነው? ገጣሚው ምን ሊል ፈልጎ ነው?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ቃል የሚያሳስበው ሰው ነውና የሚጠይቀው። የማይጥመኝ ግን ትርጉሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለና ሌላው ከሱ ፈቃድ መቀበል እንዳለበት አድርጋችሁ ስትጠይቁ ነው። በቅርቡ አንዲት ልጅ፣ «እኔ እንኳ ስሰማው ስለ አባቴ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ተሳስቻለሁ አይደል?» አለችኝ። አልተሳሳትሽም አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳችሁ።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሬዲዮ ነው። አድማጮች ዘፈን በሚጋባበዙበት ፕሮግራም ላይ ለዓመታት ስሠራ ደብዳቤዎቹን ከፍቼ የማነበው እኔ ነበርኩ። ከየክፍለ ሀገሩ ይመጣሉ፤ ከደብተር የተገነጠለ ገጽ፣ ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ የሆነ ፖስታ፣ አንዳንዴም በእስክሪብቶ የተሳለ አበባ። «ይህን ዘፈን ለእገሌ ጋብዙልኝ» ይልና ከሥሩ ምክንያቱ ይከተላል። በአየር ላይ የምናነበው ስሙንና ሰላምታውን ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እኔ የተማርኩት ግን ከዚያ ከሚቀረው ነው።

ዘፋኙ ስለ አንዲት ሴት ዓይን የዘፈነውን ዘፈን እናት ጦር ሜዳ ላለ ልጇ ትጋብዘዋለች። የእንጀራ እናት ያሳደገችው ጎልማሳ ምስጋና ያደርገዋል። ከትውልድ መንደሯ ርቃ የተመደበች መምህርት ደግሞ ለአገሯ ሰው ሁሉ ትልከዋለች። ሁሉም ያንኑ ዘፈን፣ ያንኑ ቃል ነው የሚሰሙት። አንዳቸውም ቃሉን አላጣመሙትም። ቃሉ ውስጥ የሚያስቀምጡት ሰው ስላላቸው ነው የመረጡት።

ከትዝታ ጋር አብሮ የኖረ፣ ድምፃውያን ሲቀባበሉት የመጣ አንድ ስንኝ ቀረብ ብለን እንየው፤

ትዝታዬ አንተ ነህ ትዝታም የለብኝ፣
እመጣለሁ እያልክ እየቀረህብኝ።

ላይ ላዩን ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን «ሄድክ» አይልም። «ረሳኸኝ»ም አይልም። የቀረው ሰው ዛሬም እመጣለሁ ይላል፤ ቃል ይገባል፣ ይቀራል፣ ደግሞ ቃል ይገባል። መቅረቱ አንዴ ሆኖ ያለፈ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ስሰማው ግራ ያጋባኝ «ትዝታም የለብኝ» የሚለውም በዚህ ይፈታል። የሚታወስ ያለፈ ነገር ነው፤ እሱ ግን ገና አላለፈላትም፣ በየቀኑ ትጠብቀዋለች። እንግዲህ ይህን ስንኝ ዓረብ አገር ያለች ልጇ በየዓመቱ «ለፋሲካ እመጣለሁ» የምትላት እናት ስትሰማው አስቡት። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትም ይኸው ስንኝ ያለበትን ዘፈን እንድንጋብዝላት ጽፋልን ነበር፤ በሕልሟ እየመጣ ነገ እመጣለሁ እንደሚላት ነገረችን። ሴትዮዋ ከስንኙ አንድ ቃል አልጣለችም። እያንዳንዱን እንዳለ ተቀብላ ከሕይወቷ ጋር አገናኘችው። ያን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ እኔም ስንኙን እንደ ቀድሞው መስማት አልቻልኩም።

ይህ ደግሞ አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ እኛ ዘንድ የቆየ ነው። ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ስለ ሟቹ ደግነት ግጥም ስታወርድ ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ የየራሳቸውን ሙት ያለቅሳሉ። «የራሷን ነው የምታለቅሰው» ሲባል ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚሰጥ እንግዳም የልቡን በማሲንቆው በኩል ማስተላለፉ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የዘፈን ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ ሕዝብ ጆሮ አይደርስም ነበር። አድማጩ ግን ጥላው ስለሄደች ፍቅረኛ በሚያወራ ዘፈን ውስጥ የታሰረ ወንድሙን፣ በሱዳን በኩል የወጣ ጓደኛውን ይሰማል። ሳንሱሩ ወረቀቱ ላይ ያለውን መሰረዝ ይችላል፤ ሰው በልቡ ይዞት የሚመጣውን ከየት አግኝቶ ይሰርዘዋል?

እንዲህ ስላልኩ ግን የመሰላችሁ ሁሉ ትርጉም ነው ማለቴ አይደለም። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ቃሉን በደንብ ሳትሰሙ የምታገኙት ትርጉም የግጥሙ አይደለም፤ የስሜታችሁ ነው፤ ነገ ስሜታችሁ ሲለወጥ እሱም አብሮ ይጠፋል። ዛሬ ቲክቶክ ላይ የዘፈን አዝማች ብቻ እየተቆረጠ ይዞራል፤ ቀሪውን የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው። በኛም ጊዜ ነበር። አንድ ወጣት ለእጮኛው ልደት ጋብዙልኝ ብሎ የላከው ዘፈን አዝማቹ የሞቀ ፍቅር ነው፤ ሁለተኛው ቤት ላይ ግን ዘፋኙ ተሰናብቶ ይሄዳል። ሌላ ዘፈን መረጥኩለት።

ስለዚህ የወደዳችሁትን ግጥም በእጃችሁ ጻፉት። ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ታገኙት ይሆናል፤ እሱን አትቅዱ። በካሴት ጊዜ ቴፑን ወደኋላ እየመለስን አንዲት ቃል እስክትጠራልን እንሰማ ነበር፤ የግጥም ደብተር ያልነበረው ወጣት ጥቂት ነው። ስትጽፉ ያላስተዋላችሁት ሁሉ ይወጣል። ያልገባችሁ የባላገር ቃል ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ የወሎ ወይም የጎጃም አያት ያለው ጓደኛ አይጠፋምና ጠይቁ። መጽሐፍ ላይ ያለ ግጥም ከሆነ ደግሞ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። የትዝታውን ስንኝ በወል ቤት ልክ፣ ማለት ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) እየከፈላችሁ ብትሉት፣ ስድስተኛው ላይ ትንሽ ትቆማላችሁ፤ «ትዝታዬ አንተ ነህ» ብላችሁ ትተነፍሱና «ትዝታም የለብኝ» ትላላችሁ። ሐዘኑ ያለው እዚያች እረፍት ላይ ነው፤ በዓይን ብቻ ስታነቡ አታገኟትም። ቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ ካላት አጭር ቅኔ የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሁለት ስንኝ በደንብ የያዘ ሰው ብዙ ይዟል። ሰሙን ሳያጣራ ወርቁን አገኘሁ የሚል ተማሪን ደግሞ የኔታ አይሰሙትም።

ከዚያ በኋላ ጊዜ ስጡት። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስለ አገሩ የጻፈውን ግጥም ትምህርት ቤት ሳለሁ ለውበቱ ብቻ ነበር የምወደው። እሱ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት ሞተ። ይህን ካወቅሁ በኋላ፣ ይልቁንም የራሴ ጓደኞች አንድ በአንድ እየወጡ ከቀሩ በኋላ፣ ያ ግጥም ለኔ የመልክዓ ምድር ግጥም መሆኑ ቀረ። ከግጥሙ ላይ አንድ ፊደል አልተቀየረም። ስለዚህ በሃያ ዓመታችሁ ምንም ያላለላችሁን ግጥም አትናቁት፤ ደብተራችሁ ውስጥ ይቆይ።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገርም አለ። ስንኝ ኃይል አለው። ፉከራና ሽለላ ስንት ሰው ከቤቱ እንዳስወጣ ታውቃላችሁ። አንድን ዘፈን ደጋግማችሁ ስትሰሙ በጎረቤታችሁ፣ ወይም ቋንቋው ከቋንቋችሁ በተለየ ሰው ላይ ልባችሁ እየጠጠረ ከመጣ ቆም በሉ፤ የራሳችሁን ትርጉም ሳይሆን ሌላ ሰው ያሰናዳላችሁን ነው ያገኛችሁት። ሌሊት ሌሊት ብቻችሁን ትዝታ እየሰማችሁ ማልቀስ ሲበዛባችሁም ቆም በሉ። የለቅሶ ቤቱን ሙሾ አስታውሱ፤ እዚያ ሰው ብቻውን አያለቅስም፣ ደግፎ የሚይዘው አለ። እናንተም ለምትቀርቡት ሰው ንገሩ፣ ዘፈኑን አብራችሁ ስሙት።

ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን፣ አያት ካላችሁም አያታችሁን፣ አንድ ዘፈን ምረጡልኝ በሏቸው። ለምን እንደመረጡት ወዲያው አትጠይቁ። ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁ አዳምጡት። ብዙ ጊዜ ሳትጠይቋቸው ራሳቸው ይጀምራሉ፤ የት ሆነው እንደሰሙት፣ ያኔ አጠገባቸው ማን እንደነበረ ያወሯችኋል። አታቋርጧቸው። ማታ ላይ ስንኞቹን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ጎን ለጎን እነሱ ያሏችሁን፣ ከሥር ደግሞ እናንተ የሰማችሁትን።

አክባሪያችሁ