ስለ ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የጠየቃችሁኝ

ይህን ኦርኬስትራ ለዓመታት በሬዲዮ ስከታተል ስለኖርኩ፣ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አቅሜ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ሸክላ ማጫወት እየቻለ ኦርኬስትራ ምን ያደርግለታል?

በዚያን ጊዜ የሸክላ አንዱ ፊት የሚይዘው አራት ወይም አምስት ደቂቃ ነው። የአንድ ሰዓት ሲምፎኒ (ለሙሉ ኦርኬስትራ የተደረሰ ረጅም ሙዚቃ) እየገለበጥክ ለአድማጭ ስታሰማ አስበው! ስለዚህ ጥሩ ሙዚቃ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። ቢቢሲም በ1930 የራሱን ኦርኬስትራ አቋቋመ። የመጀመሪያው ኮንሰርት ኦክቶበር 22 ቀን ለንደን በሚገኘው ኩዊንስ ሆል ቀረበ።

ከዚያ በፊት ለንደን ውስጥ ኦርኬስትራ አልነበረም እንዴ?

ነበር እንጂ። ችግሩ ተጫዋቹ ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም። የተሻለ የሚከፍል ሲያገኝ ምትክ ልኮ እሱ እዚያ ይሄዳል። ለልምምድ አንዱ ይመጣል፣ በኮንሰርቱ ምሽት ደግሞ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ቁጭ ብሏል። መሪው የለፋበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ቢቢሲ ተጫዋቾቹን በደመወዝ ቀጠረና ይሄን ጣጣ አስቀረው። እኔ ከየትኛውም ዝነኛ ኮንሰርት ይልቅ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው እላለሁ። ሙሉ ኦርኬስትራው 114 ሰው ነበር። ሁሉም ሁልጊዜ አብረው አይጫወቱም፤ እንደ ዝግጅቱ በአነስተኛ ቡድን ይከፋፈላሉ።

የመጀመሪያው መሪ ማን ነበር?

ኤድሪያን ቦልት። ረጅም ዱላ ይዞ ብዙ ሳይወዛወዝ የሚመራ፣ ጨዋ ሰው። በ1950 በጡረታ ዕድሜ ሰበብ አሰናበቱት። ወዲያው ሌላው የከተማዋ ኦርኬስትራ፣ የለንደን ፊልሃርሞኒክ፣ ወሰደው፤ ከዚያም በኋላ ከ25 ዓመት በላይ መርቷል። ጡረታ እንዲህ ነው!

በጦርነቱ ጊዜስ?

ኦርኬስትራው በ1939 ለንደንን ለቅቆ ብሪስቶል ገባ። (ያኔ ጃንሆይም ከብሪስቶል ብዙ በማትርቀው ባዝ በስደት ነበሩ።) ብሪስቶልም በቦምብ ስትደበደብ በ1941 ወደ ቤድፎርድ ተዛወረ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ኩዊንስ ሆል በአየር ድብደባ ተቃጠለ።

ለምንድነው ጆሮ የሚያደክም ዘመናዊ ሙዚቃ የሚያበዙት? ትኬት የሚገዛ አለ?

ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው። ደመወዛቸው በትኬት ሽያጭ ላይ አልተንጠለጠለም። ቢቢሲን የሚያኖረው በዋናነት ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ በየዓመቱ የሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ነው። ስለዚህ ሌላው የሚፈራውን ይደፍራሉ። በ1934 የኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የአልባን በርግን "ቮትሴክ" ኦፔራ ያለ ትወና፣ በኮንሰርት መልክ አቀረቡ። በ1935 የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቮን ዊሊያምስን አራተኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰሙት እነሱ ናቸው። ከ1971 እስከ 1975 ዋና መሪ የነበረው ፒየር ቡሌዝ ደግሞ ነገሩን አባሰው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ውስጥ ብዙው ለእኔም አይገባኝም። ግን አንድ ሰው ካላሰማን መውደዳችንንም መጥላታችንንም በምን እናውቃለን?

ልምምዳቸው የት ነው?

ከ1934 ጀምሮ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቤታቸው ለንደን ያለው ሜይዳ ቬል ስቱዲዮ ነበር። ቀድሞ የሮለር ስኬት መንሸራተቻ አዳራሽ ነበር። ቢቢሲ በ2018 እለቃለሁ ብሎ፣ በ2023 የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ሃንስ ዚመር ከአጋሮቹ ጋር ገዛው።

ሊዘጋ ነው የተባለው እውነት ነው?

ኦርኬስትራው አይደለም፤ ይዘጋል የተባለው የቢቢሲ የመዘምራን ቡድን ነበር። በ2023 ግን በእንግሊዝ ካሉት ሦስት የቢቢሲ ኦርኬስትራዎች 20 በመቶ ያህሉን የደመወዝተኛ ቦታ ለመቀነስ ታቅዶ ነበር። ሙዚቀኛውም አድማጩም ጮኸ፣ ዕቅዱም ቆመ። እኔ በበኩሌ አልተረጋጋሁም፤ ቁጠባ ሲመጣ መቀስ ቶሎ የሚያርፈው ሙዚቃ ላይ ነው።

ለጀማሪ ምን ትመክራለህ?

ፕሮምስን ያዝ። በበጋ ሮያል አልበርት ሆል የሚካሄድ ፌስቲቫል ነው። ቢቢሲ ከ1927 ጀምሮ ያዘጋጀዋል፣ ይህ ኦርኬስትራም የጀርባ አጥንቱ ነው። ለንደን ያላችሁ ቆሞ የመስማት ትኬት ርካሽ ስለሆነ ሞክሩት። ሌሎቻችሁ የቢቢሲ የክላሲካል ሙዚቃ ጣቢያ በሆነው ሬዲዮ 3 ላይ በቀጥታ ስሙት።