ልጄን ካላሳየችኝ ቀለቡን ማቆሜ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን 2 ዓመት ሆነን። የ7 ዓመት ልጃችን ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። በየወሩ ቀለብ እሰጥ ነበር። እሷ ግን ሰበብ እየፈጠረች ልጄን አታሳየኝም። በንዴት ከ4 ወር ወዲህ መስጠቱን አቆምኩ። ገንዘቡን ለራሴ አላዋልኩትም፤ ለቤተ ክርስቲያን እያስገባሁት ነው። በደለኛ ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁን ናፍቆ ሄዶ ከደጅ የሚመለስ አባት ልቡ እንዴት እንደሚቆስል አውቃለሁ። ያለ በቂ ምክንያት ከልክላህ ከሆነ እናቱ በድላለች። የበደለችው ግን አንተን ብቻ አይደለም፤ ልጁንም አባቱን ነስታዋለች። አንተ ደግሞ ብድርህን የመለስከው በዚያው ልጅ ላይ ነው።

ቀለቡ የእሷ አይደለም። የልጁ ጉርስና ልብስ ነው። ጋብቻው ፈርሷል፤ አባትነትህ ግን አልፈረሰም። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው «ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው» ይላል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8)። ከባድ ቃል ነው። ላለዝብልህ አልችልም።

ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ ያልከው ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን ፈሪሳውያንን የወቀሰው በምን ነበር? ሰው ወላጆቹን የሚረዳበትን ገንዘብ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ ካለ፣ ለአባቱና ለእናቱ ምንም እንዳያደርግ ይፈቅዱለት ነበር። ያን ጊዜ የተረሱት ወላጆች ናቸው፤ አሁን የተረሳው ልጅህ ነው። እግዚአብሔር ከሕፃን አፍ የተነጠቀ መባ አይሻም።

ስለዚህ የ4 ወሩን ውዝፍ ክፈል። ባንዴ ካልቻልክ ከፋፍለህ ስጥ፤ ግን ከዛሬ ጀምር። በባንክ ብታስገባው ማስረጃም ይሆንሃል።

ልጁን ስለማየት፣ መጀመሪያ ራስህን መርምር። መጠጥ ወይም ቁጣህ የሚያሰጋት ነገር አለ? ካለ እሱን አስተካክል። ከሌለ በንስሐ አባታችሁ ወይም ሁለታችሁም በምታከብሯቸው ሽማግሌዎች በኩል አነጋግራት። እንቢ ካለች ፍርድ ቤት የመጠየቂያ ቀን እንዲወስንልህ ማመልከት ኃጢአት አይደለም። እሷን ለማሸነፍ ብለህ ከሄድክ ግን ያው ጠቡን መቀጠልህ ነው። ልጅህን ለማግኘት ብለህ ሂድ።

ስታገኘውም ስለ እናቱ አትጠይቀው፤ በእሱም መልእክት አትላክባት። የ7 ዓመት ልጅ የሁለት ሰው ቂም መሸከም አይችልም።

ውዝፉን ስትልክም «አሁንስ ታሳዪኛለሽ?» የሚል ቃል አታክልበት። ገንዘቡን ብቻ ላክ።