መዝገበ ቃላቴ «የቤት አስተዳደር» ይለኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ የምኖር የማታ የነገረ መለኮት ተማሪ ነኝ። ግሪክኛ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የዮሐንስን ወንጌል በክፍል ከጨረስን በኋላ የአግናጥዮስን መልእክት ወደ ኤፌሶን ብቻዬን ማንበብ ጀመርኩና ምዕራፍ 18 ላይ ቆምኩ። «ኤኪዮፎሬቴ» የሚለውን ቃል በ«ኤ» ፊደል ሥር ብፈልገው አጣሁት። ቀጥሎ ደግሞ ጌታችን ከማርያም የተፀነሰው «ካት ኦይኮኖሚያን ቴኡ»፣ በእግዚአብሔር «ኦይኮኖሚያ» መሠረት፣ ነው ይላል። ያለኝ ትንሽ የሐዲስ ኪዳን መዝገበ ቃላት ለ«ኦይኮኖሚያ» የሚሰጠኝ «የቤት አስተዳደር» የሚል ነው። «ኦይኮስ» ቤት፣ «ኖሞስ» ሕግ ስለሆነ «የቤት ሕግ» ብዬ ልተርጉመው? ወይስ ሌላ መዝገበ ቃላት ልግዛ? የትኛውን?

መልስ፦ እኅቴ፣ የቆምሽበት ዓረፍተ ነገር ሊቆሙበት የሚገባ ነው። የአንጾኪያው ጳጳስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ይህን የጻፈው በሁለተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ በሰምርኔስ አርፎ ሳለ ነው። ስለዚህ በአንድ ቃል ላይ አንድ ምሽት ቢያልፍብሽ እንደ ባከነ አትቁጠሪው።

በመጀመሪያው ቃል እንጀምር። እኛ በግእዝም በአማርኛም ግስ የምንፈልገው «ቀደሰ»፣ «ፀነሰ» ብለን በሩቅ ወንድ ኃላፊ ነው። ቅኔ ቤት ግስ ስናጠና የለመድነው ይህንኑ ነው። የግሪክኛ መዛግብተ ቃላት ግን ግሱን የሚያስቀምጡት በ«እኔ» እና በአሁን ጊዜ ነው። «ኤኪዮፎሬቴ» ላይ መነሻው «ኤ» የኃላፊ ጊዜ ምልክት ነው፤ መድረሻው «ቴ» ተደራጊነቱን ያሳያል። ሁለቱን ስታነሺ «ኪዮፎሬኦ»፣ ማለትም «በማሕፀን እሸከማለሁ» የሚለው ይቀርልሻል። ቦታውም በካፓ፣ በግሪክኛው «ከ» ፊደል፣ ሥር ነው። ሁሉም እንዲህ ተገፍፎ አይገኝም። «ኤልቶን»፣ መጣሁ፣ የሚገኘው በ«ኤርኮማይ» ሥር ነው፤ እንዲህ ያሉትን በቃል መያዝ ግድ ነው። ፊደል ተራው ግን አያስቸግርሽም። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ገልጠሽ ከሆነ «አ በ ገ ደ» ለምደሻል፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታም ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። «ኪዮፎሬኦ» ሐዲስ ኪዳን ውስጥ የለም። የብሉይ ኪዳኑ የግሪክኛ ትርጉም ግን በመክብብ 11፥5 ስለ እርጉዝ ሴት ማሕፀን ሲናገር ይጠቀምበታል። በካፓ ሥር ብትፈልጊውም ኖሮ ያ ትንሽ መጽሐፍሽ አይሰጥሽም ነበር። የተሠራው ለ27ቱ መጻሕፍት ብቻ ነውና አግናጥዮስን እንዲያስነብብሽ መጠበቅ አይገባም።

ወደ «ኦይኮኖሚያ» እንምጣ። «ኢኮኖሚ» የምንለው ቃል አያት ይህ ነው። ከፍለሽ ለመተርጎም መሞከርሽ ግን ያሳስበኛል፤ እኔም በዚህ መንገድ ወድቄያለሁ። ተማሪ ሳለሁ «ኤክሌሲያ»ን «ኤክ» ከ፣ «ካሌኦ» እጠራለሁ ብዬ ከፍዬ «ከዓለም ተጠርተው የወጡ» ማለት ነው ስል በሙሉ ልብ አስተማርኩ። አንድ አዛውንት እጃቸውን አንሥተው የሐዋርያት ሥራ 19ን እንዳነብ ጠየቁኝ። በኤፌሶን «አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ ሁለት ሰዓት የጮኸው ሕዝብ እዚያው «ኤክሌሲያ» ተብሏል። ከምን ተጠርቶ ወጣ? ቃሉ በዚያ ዘመን ጉባኤ ማለት ብቻ ነበር። የቃል ሥር የሚነግርሽ ቃሉ ከየት እንደ ተነሣ ነው፤ ጸሐፊው በእጁ ሲይዘው የት እንደ ደረሰ አይነግርሽም። ያንቺ ክፍፍልም ራሱ ትንሽ ስቷል። የቃሉ ሁለተኛ ክፍል «ሕግ» ሳይሆን ከ«ኔሞ»፣ ማከፋፈልና ማስተዳደር ከሚለው ግስ የመጣ ነው።

ለዚህ ነው አንድን ቃል ስትፈልጊ አስቀድመሽ «ማን ጻፈው? መቼ?» ብለሽ እንድትጠይቂ የምወተውተው። መዝገበ ቃላቱን የምትመርጪውም በዚህ ነው። ሊድልና ስኮት በ1843 እ.ኤ.አ. ያወጡትና በኋላ ጆንስ ያደሰው ትልቁ መዝገብ ከሆሜር ጀምሮ ያለውን የጥንቱን ግሪክኛ ይይዛል፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶችን ግን ሆን ብሎ ትቷል። የባወር መዝገብ፣ ዳንከር በ2000 እ.ኤ.አ. ባደሰው የእንግሊዝኛ እትም፣ ሐዲስ ኪዳንን እና እንደ አግናጥዮስ፣ እንደ ቀሌምንጦስ ዘሮም፣ እንደ ሄርማስ ያሉትን ቀደምት ጸሐፍት ይሸፍናል። ላምፕ ከ1961 እስከ 1968 በኦክስፎርድ ያወጣው ደግሞ ከቀሌምንጦስ አንሥቶ እስከ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ያሉትን አባቶች ይዟል፤ በሊድል ያለውን ተራ ትርጉም ስለማይደግም ብቻውን አይበቃም። ላንቺ አሁን የሚያስፈልገው ባወር ነው።

ባወርን ከፍተሽ ግን ጎልቶ የተጻፈውን ትርጉም አንሥተሽ እንዳትሄጂ። ከሥሩ ያሉትን ጥቅሶች ተከተዪ። መጀመሪያ ሉቃስ 16ን ታገኛለሽ፤ ጌታው «የመጋቢነትህን ሒሳብ አስረክበኝ» ሲለው መጋቢነቱ «ኦይኮኖሚያ» ነው። «የቤት አስተዳደር» እዚህ ልክ ነው። ቀጥሎ ኤፌሶን 3፥9 ይመጣል፦ «የምሥጢር ሥርዓት»። ቤቱ ዓለም ሆነ፣ አስተዳዳሪው እግዚአብሔር ሆነ፣ አስተዳደሩም ከዘላለም የተሰወረ አሳብ ሆነ። አግናጥዮስ ለዚያችው ለኤፌሶን ሲጽፍ የተጠቀመው በዚህኛው ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት አባቶች ደግሞ ቃሉን ገፍተው እኛ ምሥጢረ ሥጋዌ የምንለውን ራሱን «ኦይኮኖሚያ» ይሉታል፤ ይህን ለማየት ላምፕን ትከፍቻለሽ። አንድ ቃል ከጓዳ ተነሥቶ ቤተ ልሔም ደረሰ። ባየሁት ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

በአማርኛ ምን ልበለው ካልሽኝ፣ «መግቦት» የሚለው ያምረኛል፤ ከ«መጋቢ» ጋር ያለውን ዝምድና ያቆያልና። ነገር ግን የዛሬ አንባቢ ሲሰማው ወደ ማብላትና ማጠጣት ያደላበታል። እኔ «እግዚአብሔር በወሰነው ሥርዓት» እለዋለሁ።

ዘመን መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ሌላ ቃል ያሳይሻል፦ «ሂፖስታሲስ»። በዕብራውያን 1፥3 «ባሕርይ» ተብሎ፣ በ11፥1 «የሚያስረግጥ» ተብሎ ተተርጉሟል። በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያ ጉባኤ ወልድ «ከሌላ ሂፖስታሲስ ወይም ኡሲያ ነው» የሚሉትን ሲያወግዝ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው እንደ አንድ ነው፤ «ኡሲያ» ህላዌ ማለት ነው። በ362 አትናቴዎስ በእስክንድርያ «አንድ ሂፖስታሲስ» የሚሉትንና «ሦስት ሂፖስታሲስ» የሚሉትን ቁጭ አድርጎ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀ፤ እምነታቸውም አንድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ባስልዮስና ሁለቱ ጎርጎርዮሶች ቃሉን ለይተው «አንድ ኡሲያ፣ ሦስት ሂፖስታሲስ» አሉ፤ የኛ «ሦስት አካላት» ከዚህ ጋር ነው። የ325ቱን ቃል በኋለኛው ትርጉም ብታነቢ ጉባኤውን በሐሰት ትከሻለሽ።

ስለ ግዢው፦ አትቸኩዪ። ባወር ውድ ነው፤ ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር አዋጥታችሁ አንድ ግዙ። ሊድል በአሜሪካ ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ፔርሴዎስ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባል። በየስልኩ የሚጫነው የታየር መዝገብ ግን የ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ነው፤ ከግብፅ አሸዋ የወጡት የፓፒረስ (የደንገል ወረቀት) ጽሑፎች በብዛት ሳይታተሙ በፊት የተሠራ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥1 መዋጮውን «ሎጌያ» ሲል ከእርሱ ሌላ ማንም አይለውም ይባል ነበር። በኋላ ግብፃውያን ገንዘብ ሰብስበው ደረሰኝ የጻፉባቸው ፓፒረሶችና ገሎች ላይ ቃሉ ተገኘ። ታየርን ተጠቀሚበት፤ «ሌላ ቦታ የለም» ሲልሽ ግን አትመኚው። ግእዝ ካለሽ ደግሞ በ1865 እ.ኤ.አ. የታተመው የዲልማን መዝገብ አለልሽ። ትርጉሙ በላቲን ነው፤ ነገር ግን በግእዙ ቃል አጠገብ አክሱማውያን ተርጓሚዎች የተረጎሙትን የግሪክኛ ቃል ያሰፍራል። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት አውጥቶታል።

አሁን መልእክቱን ሳትዘጊ ሁለት ምዕራፍ ወደ ታች ውረጂ። በ20፥1 ላይ አግናጥዮስ ስለ አዲሱ ሰው ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ የጀመረውን «ኦይኮኖሚያ» ሌላ ጊዜ አስፍቶ እንደሚጽፍላቸው ቃል ይገባል። የ18ቱንና የ20ውን አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ ተርጉሚና ላኪልኝ።