ኮሞሮስ ላይ ሱቅ ልክፈት ወይ ላልከው ወንድሜ

«የኮሞሮስ ዋና ከተማ ሞሮኒ ላይ የልብስ ሱቅ ልከፍት ነው፤ ግን አገሩ መፈንቅለ መንግሥት አያጣውም ይባላል፤ ያዋጣል?» ብለሃል። እዚያው ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርህ። የቪዛና የበረራውን ነገር አየር መንገዳችን ቢሮ ጠይቅ።

1. ፖለቲካውን ፍራው፣ ግን ከልክ በላይ አትፍራው። እ.ኤ.አ. በ1975 ነፃ ከወጡ ወዲህ መፈንቅለ መንግሥቱና ሙከራው ከ20 በላይ ነው ይባላል። ፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒም መጀመሪያ ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1999 በመፈንቅለ መንግሥት ነው። በጃንዋሪ 2024 ከምርጫው በኋላ ሞሮኒ ተረበሸች፣ ሰዓት እላፊም ታወጀ። ሱቅ ተዘጋ፣ ሲረጋጋ ተከፈተ። ገንዘባቸው ደግሞ ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዩሮ ወደ 492 ፍራንክ። እንደ ብራችን በአንድ ሌሊት አይወርድብህም።

2. ገዢህን እወቅ። ቫኒላና ቅርንፉድ ወደ ውጭ ይልካሉ፣ ዋጋው ግን አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። ገበያውን ደግፎ የያዘው ፈረንሳይ ያለው ዘመዳቸው ነው፤ በተለይ ማርሴይ ከተማ ያለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ አገራቸው ይጎርፋሉ። «ታላቁ ጋብቻ» የሚባል ሠርግ አላቸው፤ ሰው በአገሩ ትልቅ ሰው የሚባለው እሱን ሲደግስ ነው። ለዓመታት ያጠራቀሙትን ለወርቅ፣ ለልብስና ለግብዣ ያወጡታል።

3. ወደቡ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። የሞሮኒ ወደብ ጥልቀት የለውም፤ ትልቅ መርከብ ውጭ ቆሞ ዕቃው በጀልባ ነው የሚራገፈው። ጥልቁ ወደብ አንጁዋን ደሴት፣ ሙትሳሙዱ ነው። የሠርግ ልብሴ በጊዜው ደርሶ ሳለ አንድ ቢሮ ያዘብኝ። ኃላፊው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ነገ» ይለኛል። በማግሥቱ ስሄድ ደግሞ «በፈረንሳይኛ ካልሆነ አላናግርም» አለኝ። ወረቀቴ አንድም ጉድለት አልነበረበትም! ልብሱ ሲለቀቅ የማርሴይ ሰዎች ሻንጣቸውን እያሰሩ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ግን አልከሰርኩም። ቮሎ ቮሎ ገበያ ለሚቸረችሩ ሴቶች በዱቤ አከፋፈልኩት። ፊርማ የለ፣ መያዣ የለ። አንዷም አልካደችኝም፤ የአንዷ ልጅ እናቷ ታማ ሳለ ገንዘቡን በጨርቅ ቋጥራ ይዛልኝ መጣች። በመንግሥታቸው ያጣሁትን እምነት ከእነሱ አገኘሁ።

ስለዚህ ያዋጣል። ዕቃህ ግን ግንቦት ላይ እዚያ ይድረስ። ከመላክህ በፊትም ፈረንሳይኛና ኮሞርኛ የሚችል ትራንዚተር (ዕቃህን ከጉምሩክ የሚያስወጣልህ ሰው) ያዝ፤ ክፍያውን ዕቃው ሲወጣ እንጂ አስቀድመህ አትስጠው።