አስም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳልን?

ጥያቄ፦ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ አቧራ ባለበት ሁሉ ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑንም ያሳክከዋል። የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጃችን የክርኑና የጉልበቱ መታጠፊያ ደርቆ ያሳክከዋል፤ ጉንፋን በያዘው ቁጥርም ደረቱ ሲር ሲር ይላል። አማቴ «ከአንቺ የወረሰው ስለሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም» ይሉኛል። እውነት ነውን? የዘረ-መል ምርመራ ባስደርግለትስ ይጠቅመዋልን?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አማትዎ የተናገሩት በከፊል ትክክል ነው። በመንታ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከአንድ እንቁላል ከተፈጠሩ መንትዮች አንደኛው አስም ካለበት፣ ሁለተኛውም የመታመሙ ዕድል ከሌሎች መንትዮች ይልቅ ከፍ ያለ ነው፤ ይሁንና ዘራቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ልጅዎ የወረሰው እንግዲህ ተጋላጭነትን እንጂ በሽታውን አይደለም፤ ያንንም ቢሆን ከእርስዎ ብቻ ሳይሆን ከአባቱም ጭምር ነው።

ተጋላጭነቱ በአንድ ዘረ-መል የሚወሰን አይደለም። በልጅነት ከሚጀምር አስም ጋር በግልጽ የተያያዘው ሥፍራ በ2007 እ.ኤ.አ. በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የተገኘ ሲሆን፣ በዚያ ሥፍራ ልዩነት ያላቸው ሕፃናት በተለይ ራይኖቫይረስ በሚባለው የጉንፋን ቫይረስ ደረታቸው ሲር ሲር ካለ አስም የመያዛቸው ዕድል ይጨምራል። ሌላው፣ የቆዳን የላይኛ ሽፋን የሚያጠነክረው ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ የዚህ ዘረ-መል ጉድለት ያለበት ልጅ ቆዳው ስለሚሰነጣጠቅ ባዕድ ነገር በቀላሉ ይገባና ሰውነቱ ለዚያ ነገር አለርጂ ያዳብራል፤ ችፌ (እንደ ልጅዎ ያለ የሚያሳክክ የቆዳ ድርቀት) ቀድሞ አስም የሚከተለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመዱት የፊላግሪን ጉድለቶች፣ ችፌ ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገና በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አልተገኙም። ስለዚህ በሌላ ሕዝብ ላይ ተመሥርቶ ለተዘጋጀ ምርመራ ገንዘብ እንዲያወጡ አልመክርም፤ እርስዎ ከላይ የጻፉልን የቤተሰብ ታሪክ ለሕፃናት ሐኪም ከዚያ የበለጠ ይነግረዋል።

«ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው ግን ስሕተት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጅማ በተደረገ ጥናት፣ የደረት ሲርታ ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ላይ በዝቶ ታይቷል፤ የዚህን ያህል የተቀራረቡ ሰዎችን የሚለያያቸው ዘር ሊሆን አይችልም፤ አኗኗር ነው። የልጅዎን ቆዳ ከታጠበ በኋላ ወዲያውኑ ሽታ በሌለው ቅባት ያለስልሱ፤ ከሲጋራ፣ ከከሰልና ከእጣን ጭስ ያርቁት (የቡናውን እጣን ጭምር ማለቴ ነው፤ ብዙ አንባቢ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ)። ሐኪም ሳያዝዝ እንቁላል ወይም ወተት አይከልክሉት።

በዚህ ዕድሜ ደረታቸው ሲር ሲር የሚል ብዙ ሕፃናት ትምህርት ቤት እስኪገቡ ይድናሉ፤ ራሱ ችፌ ላለበትና አስም ያለበት ወላጅ ላለው ልጅ ግን ክትትል ያስፈልገዋል። የሚነፋ መድኃኒት ከታዘዘለትም «ይለምደዋል» በሚል ፍርሃት አያቋርጡበት። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።