የተበላ የካንዴላ ጥርስ፦ ቴስታታው ይጣል ወይስ ይዳን?

ጠያቂው ወንድማችን እንደ ገለጹልን፣ የሽንኩርት ማሳቸውን የሚያጠጡበት ባለ 163 ሲሲ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሥራ ላይ እንዳለ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ተፍቶ ጥሎታል፤ መልሰው ሲያስገቡትም ያለ ምንም ይዞታ ይሽከረከራል እንጂ አይጠብቅም። አንዱ «ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሲሊንደሩ ክዳን) አልቆለታል፣ ሌላ ይግዙ» ብሏቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ካንዴላው ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምጥመው እንዲያስገቡ መክሯቸዋል። እኔ መቂ አካባቢ የመስኖ ሞተሮችን ስጠግን ከአሥር ዓመት በላይ ስለ ሆነኝና ይህ ብልሽት በየበጋው ስለሚገጥመኝ፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላቸው።

በቅድሚያ ሽቦውን ይተዉት። የካንዴላው ቀዳዳ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር ነው። በቃጠሎ ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 30 ባር ብቻ ቢደርስ እንኳ ካንዴላውን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ47 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ጋር ይስተካከላል፤ ሞተሩ በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲዞር ደግሞ ይህ ግፊት በደቂቃ 1800 ጊዜ ይመላለሳል። ሽቦ፣ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ወይም የብረት ማጣበቂያ ይህንን ለአንድ ቀን ቢችል ለሁለተኛው አይችልም። ከዚህም የከፋው፣ ካንዴላው ሲወጣ የተረፈውን ጥርስ (ካንዴላው የሚታሰርበትን ጠመዝማዛ) ጠርጎ ስለሚወጣ በቀላሉ ይድን የነበረው ቀዳዳ ሰፍቶ መገኘቱ ነው። ካንዴላው የሚወጣው እንደ ጥይት ስለ ሆነም ሞተሩን ጎንበስ ብሎ የሚያስነሳ ሰው ፊቱን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጥርሱ ለምን እንደ ተበላ ሳያውቁ ወደ ጥገና አይግቡ። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ካንዴላው ብረት ስለ ሆነ ሲጋጩ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ቴስታታው ነው። ሞተሩ እንደ ጋለ ካንዴላ መፍታት፣ አጣምሞ አስጀምሮ በመፍቻ ማስገደድ፣ ከልክ በላይ ማጥበቅ፣ እነዚህ ሁሉም የሚያውቃቸው ጥፋቶች ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ያየሁትና ማንም ልብ የማይለው የካንዴላ ቁመት ነው። ለዚህ ሞተር የሚገባው ቢፒ6ኢኤስ ወይም ቢፒአር6ኢኤስ የተባለው ሲሆን፣ በመለያው ውስጥ ያለው «ኢ» የጥርሱ ቁመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያሳያል። «ኤች» ያለበት ቢፒ6ኤችኤስ ደግሞ ቁመቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱም ውፍረት አንድ ስለ ሆነ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ያለ ችግር ይገባል፤ ሞተሩም ይነሳል። ነገር ግን ከአጭሩ ካንዴላ በታች የቀረው ባዶ ጥርስ ለቃጠሎው ተጋልጦ ጥላሸት ይጋገርበታል። ከወራት በኋላ ትክክለኛው ረጅም ካንዴላ ሲገባ ጥላሸቱ ላይ ይደርስና ይጠብቃል፤ ባለቤቱም «አልጨረሰም» ብሎ ሲገፋው ጥርሱን ይዞ ይዞራል። የእርስዎን ካንዴላ ከሱቅ ከመጣው አዲስ ጋር ጎን ለጎን አቁመው እስኪ ይለኩት።

ሦስተኛው ጉዳቱን መመዘን ነው። ቀዳዳውን በጨርቅና በቤንዚን አጽድተው በእጅ ባትሪ ይመልከቱት። ከላይ ያሉት አንድ ወይም ሁለት ጥርሶች ብቻ ተጣመው የታችኞቹ ደኅና ከሆኑ፣ በ14 በ1.25 (ውፍረቱ 14፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር) ጥርስ ማስተካከያ ታፕ፣ ቦዮቹን በግራሶ ሞልተው ቀስ ብለው ቢያቃኑት ይበቃል፤ ግራሶው ፍርፋሪውን ይይዛል። ነገር ግን ካንዴላው ተፈትልኮ ከወጣና ጥርሱ ላይ የተጠመጠመ የአሉሚኒየም ክር ይዞ ከሆነ፣ የእርስዎም እንደዚያ ይመስለኛል፣ የቀረ ጥርስ የለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ቀዳዳው ሰፍቶ አዲስ የብረት ጥርስ ሊገባበት ይገባል።

ለዚህ የምመርጠው በተለምዶ ሄሊኮይል የምንለውን የሽቦ ጥርስ ነው። እንደ ሞላ የተጠቀለለ የማይዝግ ብረት ሲሆን፣ ውጩ በአዲሱ ሰፊ ጥርስ ላይ ይቀመጣል፣ ውስጡ የካንዴላውን 14 በ1.25 ይሰጣል። በትክክል የገባ እንደ ሆነ ከፋብሪካው የአሉሚኒየም ጥርስ ይበልጥ ይጠነክራል። «በትክክል» የምትለዋ ቃል ግን ከባድ ናት።

የመጀመሪያዬን የሠራሁት ቴስታታውን ሳላወርድ፣ ትራፓኖ (የመብሻ ማሽን) በእጄ ይዤ ነበር። ሽቦው ገባ፣ ካንዴላው ጠበቀ፣ ሞተሩም ተነሳ፤ ባለቤቱም መርቆኝ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ ከካንዴላው በአንድ ወገን ጥቁር የጭስ መስመር ወርዷል፣ ጉልበቱም ቀንሷል። ፈትቼ ከካንዴላው ሥር ያለችውን ሮንዴላ ብመለከት በአንድ ጎኗ ተጨፍልቃ በሌላው ጎን ጭራሽ አልተነካችም፤ ቀዳዳው በትንሹ ጋድሎ ነበርና። ፍርፋሪውም ወደ ውስጥ ወርዶ የሲሊንደሩን ግድግዳ ጭሮት ኖሮ ሞተሩ ዘይት መብላት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቴስታታ ሳላወርድ ይህን ሥራ ነክቼ አላውቅም፤ «ሰዓት ለመቆጠብ» የሚሉኝንም እሺ አልላቸውም።

ማውረዱ እንደሚፈራው አይደለም። ፒስተኑን ሁለቱም ቫልቮች ወደተዘጉበት የላይኛው ጫፍ ያምጡት፤ ካርቡራቶሩንና ማርሚታውን ያላቅቁ፤ የሮከሩን ክዳን ከፍተው ሁለቱን የግፊት ዘንጎች የትኛው የየትኛው ቫልቭ እንደ ሆነ ምልክት አድርገው ያውጡ፤ ከዚያ አራቱን የቴስታታ ቡሎኖች በመስቀል ቅርጽ በየተራ ያላሉ። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ባለ መቆሚያ ትራፓኖ ላይ ይታሰር። የካንዴላው ቀዳዳ ዘንበል ያለ ስለ ሆነ ቴስታታውን በጠፍጣፋው ፊቱ አስተኝቶ መብሳት አይቻልም፤ ከሥሩ እያስደገፉ የሮንዴላዋ መቀመጫ ፊት ለመብሻው ፍጹም ቀጥ እስኪል ማስተካከል ያስፈልጋል። ትንሽ ማዕዘን መለኪያ በመቀመጫው ላይ አቁመው መብሻውን ከፊትም ከጎንም ይመልከቱት። እኔ በዚህ ላይ ከመብሳቱ የበለጠ ጊዜ አጠፋለሁ።

መብሻው ከሄሊኮይሉ ኪት (የሽቦ ጥርሱ ከነመሣሪያዎቹ ከሚሸጥበት ስብስብ) ጋር የመጣው ይሁን፣ በግምት የተገኘ አይሁን። ታፑን በላምባ እያራሱ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያሉ ያስገቡት፤ ላምባ ለአሉሚኒየም ከሞተር ዘይት ይሻላል፣ ብረቱ ታፑ ላይ እንዳይለጠፍ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ቀጥ ካሉ ቀሪው ራሱን ይመራል። ከዚያ ቀዳዳውን በቤንዚን አጥበው፣ አየር ነፍተው፣ የሽቦውን ጥርስ በማስገቢያው ሳይጫኑ ያዙሩት፤ ከላይ ግማሽ ጥርስ ያህል ከመቀመጫው ዝቅ ብሎ ይቁም። ታች ያለችውን ምላስ በሹል ፒንሳ ወደ ላይና ወደ ታች እያጠፉ ይስበሯትና መውጣቷን በዓይንዎ ያረጋግጡ። የሽቦው ጫፍ ወደ ቃጠሎው ክፍል ብቅ ካለ ይግልና ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ያቀጣጥላል፤ ስለዚህ ቁመቱ ከቀዳዳው ጥልቀት አይብለጥ።

ኪቱ ካልተገኘ ጥሩ ቶርኖ ቤት የብረት ቡሽ (ውስጡም ውጩም ጥርስ ያለው ቀለበት) ሊሠራልዎ ይችላል። ባለሙያው «በ16 እንሥራው» ካለዎት ግን እሺ አይበሉ፤ ባለ 16 በ1.5 ጥርስ ሥሩ ላይ 14.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ውስጡ 14 ሲወጣለት የሚቀረው ግድግዳ ከወረቀት አይወፍርም። በ18 በ1.5 ከተሠራ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይቀርለታል። ችግሩ በዚህ ትንሽ ቴስታታ ላይ የቫልቮቹ መቀመጫዎች ቅርብ መሆናቸው ነው፤ ከቀዳዳው ወደ ቫልቭ የሚሄድ ስንጥቅ አስቀድሞ ካለ ቡሹም ሄሊኮይሉም ገንዘብ ማባከን ነው። ስንጥቅ ካለ ወይም ቀዳዳው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተጠግኖ ከሆነ፣ «ሌላ ይግዙ» ያለዎት ሰው ትክክል ነው። ለተመሳሳዮቹ ሞተሮች የሚሠራው ቴስታታ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ስለሚገኝ ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከጥገናው እምብዛም ካልበለጠ እኔም ብሆን አዲሱን እገዛለሁ።

ሲመልሱ የቴስታታው ጋስኬት አዲስ ይሁን፤ ቡሎኖቹን በሁለት ወይም በሦስት ዙር በመስቀል እስከ 24 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫልቭ ክፍተቱን የአየር ማስገቢያውን 0.15፣ የጭስ ማውጫውን 0.20 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። ካንዴላውን እስከ መቀመጫው በጣትዎ ብቻ ያስገቡ፤ ጣት ካልቻለው መፍቻ አይንካው። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካ) ካለ 18 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከሌለ አዲስ ካንዴላ ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር፣ ያገለገለ ከሆነ ከስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር ብቻ። ሩብ ሰዓት ያህል አሠርተው ያጥፉት፤ ሲበርድ ካንዴላውን ፈትተው ሮንዴላዋን ይመልከቱ። የመጨፍለቋ ምልክት ዙሪያውን እኩል ከሆነ ሞተሩን ወደ ማሳው ይውሰዱት፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ፎቶዋን እዚሁ ይለጥፉልንና አብረን እንመለከታታለን።